ስማቸው ያልተሰማ ደራሲዎችና ሳይንስ ፊክሽን፦ የዳሰሳ ሥራ ማስታወሻ

ጥቅምት፣ መጀመሪያ

ሥራው ይኸውላችሁ። የአፍሪካ ደራሲዎች የጻፏቸውን አዳዲስ የሳይንስ ፊክሽን ልብ ወለዶች አነባለሁ፤ በተለይ እኛ አገር ስማቸው እምብዛም የማይነሳውን። ካነበብኩ በኋላ በአማርኛ ዳሰሳ እጽፋለሁ። ዳሰሳው ለብቻው ይወጣል። እዚህ የማስቀምጠው ጓዳውን ነው፦ ምን አነሳሁ፣ ምን ጣልኩ፣ የቱ ጋ ተያዝኩ።

ስለታወቁ ደራሲዎች የሚጽፍ ሞልቷል። አንዱ ቢያጋንን ሌላው ያርመዋል። ያልታወቀ ደራሲ ላይ ግን ነገሩ ሌላ ነው። አንባቢው ስለዚያ መጽሐፍ በአማርኛ የሚያገኘው የእኔን ሁለት ገጽ ብቻ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ሁለት ነገር ራሴን ከልክያለሁ። አንዱ «ጀማሪ ነው፣ እናበረታታው» ብሎ ማሞገስ ነው። ሌላው የማይታወቅ ሰው ላይ ጉልበት ማሳየት ነው። ሁለተኛው የበለጠ ያሰጋኛል፤ ምክንያቱም ማላገጥ ቀላል ነው፣ አንባቢም ይስቃል፣ ደራሲው ደግሞ መልስ የሚሰጥበት መድረክ የለውም።

ጥቅምት፣ ያው ሳምንት

ዞር ብዬ የማየው አንድ መለኪያ መጽሐፍ ያስፈልገኛል። የታዴ ቶምፕሰንን «ሮዝዋተር» መረጥኩ። ቀድሜ አንብቤው ነበር፤ አሁን እስክሪብቶ ይዤ እየደገምኩት ነው።

የመረጥኩት ለሴራው ብቻ አይደለም። መጽሐፉ የሄደበት መንገድ ራሱ ታሪክ ስለሆነ ነው። በ2016 (ከዚህ በኋላ ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) መጀመሪያ ያሳተመው አፔክስ የሚባል ትንሽ የአሜሪካ አሳታሚ ነው። ደራሲው የአእምሮ ሐኪም ነው። ለንደን ተወልዶ ናይጄሪያ አድጎ፣ ተመልሶ እንግሊዝ አገር የሚሠራ ሰው። በ2017 የአፍሪካ ስፔኩሌቲቭ ፊክሽን (ሳይንስ ፊክሽንና መሰል ምናባዊ ታሪኮች) ማኅበር የኖሞ ሽልማትን ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሰጥ በረጅም ልብ ወለድ ያሸነፈው ይሄ ነው። በ2018 ኦርቢት የተባለው ትልቅ አሳታሚ እንደገና አወጣው። በ2019 እንግሊዝ አገር ለሳይንስ ፊክሽን ልብ ወለድ የሚሰጠውን የአርተር ሲ. ክላርክን ሽልማት ወሰደ። የዚህ ሽልማት ገንዘብ አሰጣጥ ያስቀኛል፤ በየዓመቱ በዓመተ ምሕረቱ ልክ ነው የሚከፈለው። እሱ የደረሰው 2019 ፓውንድ ነው ማለት ነው። ቤት አይሠራም። ግን ስሙን ያልሰሙ ሰዎች መጽሐፉን መፈለግ ጀመሩ።

እኔን የሚያብከነክነኝ በ2016 እና በ2019 መካከል ያለው ጊዜ ነው። መጽሐፉ ያው መጽሐፍ ነው። ዋናው ገጸ ባሕርይ ካሮ ያው ካሮ ነው። ያኔ ገና ማንም ሳይሸልመው አንብበው «ኧረ ይሄን እዩ» ያሉ ጥቂት ሰዎች ነበሩ። የእነሱን ቦታ ነው የምፈልገው። ሽልማት ካገኘ በኋላ ማድነቅማ ማንም ይችላል።

ጥቅምት፣ አጋማሽ

«ሮዝዋተር» ላይ አንድ ቦታ ቆሜ ቀረሁ። መጀመሪያው ላይ ነው።

ዘመኑ 2066 ነው። ናይጄሪያ ውስጥ ከሌላ ዓለም የመጣ ግዙፍ ፍጡር መሬት ሥር ሰፍሯል። በላዩ ትልቅ ጉልላት አለ። ጉልላቱ በዓመት አንዴ ይከፈታል፤ ሲከፈት ዙሪያውን የከበበው በሽተኛ ይድናል። ከተማዋ የበቀለችው ከዚህ ነው። ለመዳን መጥቶ የቀረ አለ፣ ለመነገድ የመጣ አለ፣ ኪስ ለማውለቅም የመጣ አለ። ስሟ ራሱ፣ ሮዝዋተር፣ የጽጌረዳ ውኃ ማለት፣ ሽሙጥ ነው፤ ሰፈሩ ሲቆረቆር ሽታው አያስጠጋም ነበር።

ካሮ የሰው ሐሳብ ማንበብ ይችላል። እንግዲህ በሌላ መጽሐፍ ቢሆን ይሄ ሰው ዓለምን ያድናል ብለሽ ትጠብቂያለሽ። እዚህ ግን ባንክ ተቀጥሯል! እንደሱ ሐሳብ ማንበብ የሚችሉ ሌቦች አሉና፣ የባንኩን ደንበኞች አእምሮ እንዳይበረብሩ መከላከል ነው ሥራው። እንዴት? ከባልደረቦቹ ጋር ቁጭ ብሎ የቆዩ መጻሕፍትን ያነባል። ንባባቸው ሌባው ላይ ጫጫታ ይሆንበታል። በቃ። ሰዓቱ ሲደርስ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ሥራውም ይሰለቸዋል።

የከተማዋ መብራት ደግሞ ከየት ይመጣል ካልሽ፣ ከፍጡሩ ከራሱ ነው። ከአካሉ ወጥተው የቆሙ የነርቭ ጉብታዎች አሉ፤ ኃይላቸው በመሣሪያ ተለውጦ ቤት ይገባል።

ለሌሎቹ መጻሕፍት የምጠይቀውን ጥያቄ ያገኘሁት እዚህ ነው። ደራሲው የፈጠረው አዲስ ነገር ተራ ሰው ቤት ገብቷል ወይ? ደመወዝ፣ የቤት ኪራይ፣ ሕመም፣ ቀብር፣ መብራት ላይ ምን አደረገ? መርከቡ ከብርሃን ቢፈጥን ለእኔ ብዙም አይደለም። መርከቡን የሚወለውለው ሰው ምሳውን የት ይበላል?

ጉድለቱንም ጽፌያለሁ። ትረካው ዘመን እየዘለለ ነው የሚሄደው፤ ምዕራፉ አናት ላይ ያለችውን ዓመት ሳታይ ካለፍሽ ትጠፊያለሽ። ካሮ ሴቶችን የሚያይበት ዓይንም ብዙ ቦታ ያናድዳል። ደራሲው አውቆ ያደረገው ይመስለኛል፤ ያም ሆኖ ያናድዳል።

ኅዳር፣ መጀመሪያ

የሚነበበው ክምር በዛ። ማጣሪያ ያስፈልጋል።

አንድ ዘዴ ከውጭ ወስጃለሁ። በ2021 ሂው ሃዊ እና ደንከን ስዋን በራሳቸው ወጪ ላሳተሙ የሳይንስ ፊክሽን ደራሲዎች ውድድር ጀምረው ነበር። ሃዊ ራሱ በ2011 «ዉል» የተባለ ሥራውን ያለ አሳታሚ አውጥቶ ስሙን የተከለ ሰው ነው፤ ኋላ ትልቅ አሳታሚ ሲመጣ የወረቀቱን መብት ሸጦ የኢ-ቡኩን ለራሱ ያስቀረ ብልጥ። በመጀመሪያው ውድድር 300 መጻሕፍት ገቡ። ለ10 ቡድን፣ ለእያንዳንዱ 30 ተከፋፈለ። ቡድኖቹ ሁሉንም እስከ መጨረሻ አያነቡም፤ ከፊት ከፊቱ ቀምሰው ያጠሩና የቀረውን በደንብ ያነባሉ።

እኔ ብቻዬን ነኝ፤ ቡድን የለኝም። ስለዚህ ደንቤ እንዲህ ሆነ፦ ማንኛውንም መጽሐፍ 30 ገጽ እሰጠዋለሁ። በ30 ገጽ ውስጥ አንድ ሰው አንድ ነገር ካልፈለገ፣ አንድ ነገር ካልፈራ፣ አስቀምጠዋለሁ። ያስቀመጥኩትን ደግሞ ስም ጠርቼ አላዋርድም። ያልጨረስኩት መጽሐፍ ላይ ዳሰሳ የለም፣ አለቀ።

በራሳቸው ካሳተሙት መካከል ነጻ ናሙናቸውን አውርጄ ብዙ ቀመስኩ። የሚደጋገም በሽታ አለ። መጀመሪያው ገጽ ላይ አምስት የፕላኔት ስም፣ ሦስት የጦርነት ስም፣ የአንድ ንጉሣዊ ቤተሰብ ሐረግ። እንግዳው ገና ጫማውን ሳያወልቅ የዘር ማንዘሩን ታሪክ እንደሚነግር ባለቤት። ሁለተኛው በሽታ ንግግር ላይ ነው። ሁለት ሳይንቲስቶች ሁለቱም የሚያውቁትን ነገር «እንደምታውቀው…» እያሉ ይነጋገራሉ። ለማን ነው የሚነግሩት? ለእኛ። እነሱማ ያውቁታል።

ደስ ያለኝም አለ። የአርትዖት ስህተት የሞላበት፣ ሽፋኑ የሚያስቅ፣ ግን ሦስተኛው ገጽ ላይ አንዲት እናት የጠፈር ጣቢያ ውስጥ ለልጇ የአየር ኮታ ከጎረቤት ስትበደር የሚያሳይ። ይሄ አለፈ። ሲያልቅ ስሙን አወጣለሁ።

ኅዳር፣ በኋላ

መጽሐፉን ማግኘት ከማንበቡ ይከብዳል። በወረቀት የምፈልጋቸው እዚህ መደርደሪያ ላይ የሉም። ኢ-ቡክ ለመግዛት ደግሞ የውጭ ክፍያ የሚሠራ ካርድ ይጠይቃል። መፍትሔው የታወቀ ነው፦ መንገደኛ። ሲልቨር ስፕሪንግ ያለችው የአክስቴ ልጅ ገዝታ ታስቀምጣለች፤ የሚመጣ ሰው ሲገኝ ሻንጣ ውስጥ ትወሽቀዋለች። ትናንት ደውላ፣

«አንቺ፣ ሰው እኮ ከዚህ ቫይታሚንና ጫማ ነው የሚያስልከው። ያንቺ መጽሐፍ ኪሎ በላብኝ» አለችኝ።

«ቀጫጭኖቹን ላኪያ።»

«ሁሉም ወፍራም ነው። ደግሞ ሽፋኑ ላይ ያለው ምንድነው? አስፈራኝ።»

ሌላው ነገር ፒዲኤፍ ነው። ስለምን መጽሐፍ እንደማነብ ለሰው በነገርኩ ቁጥር የመጀመሪያው ጥያቄ «ፒዲኤፉ አለሽ?» ነው። አይ፣ የለኝም። ቢኖረኝም ቴሌግራም ላይ አልለጥፈውም። ትንሽ አሳታሚ ጋ ያሳተመ ደራሲ ቀጣዩን መጽሐፍ የሚያሳትመው የመጀመሪያው ስለተሸጠ ነው። የእኔ ዳሰሳ ሥራውን አስተዋውቆ በዚያው እጅ ሽያጩን ከገደለ ምን ዋጋ አለው?

ነጻ የምትፈልጉ ግን በሕጋዊ መንገድ ነጻ የሆነ አለ። «ኦሜናና» የተባለው መጽሔት ከ2014 ጀምሮ የአፍሪካ ደራሲዎችን አጫጭር ታሪኮች በነጻ ያወጣል። «ብሪትል ፔፐር» የተባለው የሥነ ጽሑፍ ድረ ገጽ ደግሞ በ2020 ወሌ ታላቢ ያዘጋጀውን «አፍሪካንፉቱሪዝም» የተባለ የስምንት ታሪኮች መድበል በነጻ ለቋል። እኔም ደራሲ የማሸተው እዚያ ነው። ዛሬ አጭር ታሪክ የጻፈ ሰው ከጥቂት ዓመት በኋላ ልብ ወለድ ይዞ ይመጣል። የሚቀጥለው ማስታወሻ ለዚህ ምስክር ነው።

ታኅሣሥ፣ መጀመሪያ

«ዉም ሲቲ»ን ጀመርኩ። የቦትስዋናዋ ትሎትሎ ትሳማሴ ናት የጻፈችው፤ በ2024 መጀመሪያ ላይ ወጣ፤ የመጀመሪያ ረጅም ልብ ወለዷ ነው። አሁን ያልኩት ነጻ መድበል ውስጥም አጭር ታሪክ አላት። ያቺ ታሪክ ስለ ዓይን፣ ስለ መሥሪያ ቤትና ስለ ክትትል ነበረች። ልብ ወለዱ ያንኑ ፍርሃት ወስዶ ወደ ትዳር አስገብቶታል።

እንዲህ ነው። ወደፊት በምትመጣ ቦትስዋና ውስጥ የሰው ንቃተ ሕሊና ከአካል ወደ አካል ይዛወራል። ኔላህ የምትኖርበት አካል ቀድሞ የወንጀለኛ ነበር። ስለዚህ ቺፕ ተተክሎባታል፤ ያየችውና ያደረገችው ይመዘገባል። ባሏ ፖሊስ ነው። መዝገቡን ማየት ይችላል። በዚህ ላይ ልጅ ይፈልጋሉ፤ ልጃቸው የምታድገው በሰው ሠራሽ ማህፀን ውስጥ ነው።

ኔላህ አርክቴክት ናት፣ የተከበረች ባለሙያ። ቤቷ ስትገባ ግን ተጠርጣሪ ናት። ያልሠራችው ወንጀል ተጠርጣሪ። ይሄ ነገር ጥያቄዬን በደንብ አለፈ። ቴክኖሎጂው ላቦራቶሪ ውስጥ አልቀረም፤ እራት ሰዓት ላይ ተቀምጧል። ባልና ሚስት ሲጨቃጨቁ «ቺፕሽን ልየው» የሚል ነገር በመካከላቸው አለ።

ለጓደኛዬ ነገርኳት። ሳይንስ ፊክሽን የሚባል ነገር አትወድም፤ «የሮኬት ነገር» ትለዋለች። ይሄን ስትሰማ ግን ሻይዋን አስቀመጠች።

«ማለት ስልክ ኮድ ጠይቆ እንደሚያይ ባል?»

«ከዚያ ይብሳል። ስልክማ ቤት ትተሽው ትወጫለሽ።»

«ታዲያ ይሄ የሮኬት ነገር ነው እንዴ?»

አይደለም። ይሄን ንግግር ዳሰሳው መግቢያ ላይ ላደርገው አስባለሁ። ከየትኛውም የሴራ ማጠቃለያ ይሻላል።

ታኅሣሥ፣ አጋማሽ

መጽሐፉ ወደ መሐል ሲደርስ መልኩን ይቀይራል። ኔላህ ከፍቅረኛዋ ጋር ባለችበት ሌሊት በመኪና ሰው ይገጫሉ፤ ነገሩን ለመደበቅ ሲሉ ወደ ግድያ ይገባሉ፤ ይቀብሯታልም። ሟቿ ተመልሳ ትመጣለች። ከዚህ በኋላ ሳይንስ ፊክሽኑና የሙት መንፈስ ታሪኩ አብረው ይሮጣሉ።

ይሄን ያህል መናገሬ በዛ? ብዙ አሰብኩበት። የመጽሐፉ የራሱ ማስተዋወቂያ ይሄን ይናገራል፤ ስለዚህ አልቆጠብኩም። የሟቿ ማንነትና መጨረሻው ግን ከእኔ አይወጣም። የወሰንኩት ደንብ ይሄ ነው፦ አሳታሚው ጀርባ ሽፋን ላይ ያወጣውን እናገራለሁ፤ ከዚያ በኋላ ያለውን ሁሉ ዝም። የታወቀ መጽሐፍ ቢሆን ትንሽ ዘና እል ነበር። ያልታወቀ መጽሐፍ ላይ ግን አንባቢው ያለው አንዱ ሀብት አለማወቁ ነው።

አሁን ጉድለቱ። ትሳማሴ ዓለሟን ታብራራለች። ደግማ ታብራራለች። ሰዎቹ ሲነጋገሩ አንዳንዴ ሕግ የሚያነቡ ይመስላሉ። የሥርዓቱን አሠራር እየዘረዘሩ ጠባቸውን ይረሳሉ። እስክሪብቶዬ ጠርዙ ላይ «አመንኩሽ፣ ቀጥይ!» ብሎ የጻፈባቸው ገጾች አሉ። የሐሳብ ብዛትም አለ፦ ክትትል፣ አካል፣ ወሊድ፣ ፍትሕ፣ ሀብት፣ መንፈስ። ሁሉም እኩል ቦታ ይፈልጋል፤ የመጨረሻው ሩብ ላይ ይተፋፈጋሉ።

ይሄን ሁሉ ጽፌ ወደ ዳሰሳው መለስ ስል ግን የትኛው ይመዝናል አልኩ። እኔ አንድ ልብ ወለድ ውስጥ ሐሳብ ቢበዛ ከሚያንስ እመርጣለሁ። ንጹሕ ሆኖ ባዶ የሆነ ስንት አነበብኩ። ስለዚህ ትችቱን ከዳሰሳው አልሰርዘውም፤ ግን መጀመሪያ አንቀጽ ላይ አይቀመጥም። ለማን እንደማይሆንም በግልጽ እጽፋለሁ፦ ደም የሚያይ ዓይን የሌለው፣ ወይም በወሊድና በፅንስ ማጣት ጉዳይ የቆሰለ ሰው ለጊዜው ይለፈው።

ኮከብ አልሰጥም። ሦስት ኮከብ ለማን ምን ይነግረዋል?

ታኅሣሥ መጨረሻ

ከመንገደኛ ሻንጣ የወጣው ቀጭኑ መጽሐፍ «ሎስት አርክ ድሪሚንግ» ነው። ሱዪ ዴቪስ ኦኩንግቦዋ፣ 2024። 200 ገጽ አይሞላም። የአክስቴ ልጅ በዚህኛው አላማረረችም።

ሌጎስ የባሕር ዳርቻ አጠገብ፣ ውኃ ከዋጠው መሬት ላይ የቀረ ግዙፍ ሕንፃ አለ። ድሮ አምስት ነበሩ፤ አሁን ሰው የሚኖርበት አንዱ ነው። ላይ ሹማምንቱ፣ መሐል ሠራተኛው፣ ታች፣ ከባሕሩ ወለል በታች ደግሞ ድሃው። ታች አንድ ነገር ሰብሮ ገብቷል ተባለ። ለማጣራት ሦስት ሰዎች ተገናኙ፦ ዬኪኒ የምትባል የመሐል እርከን ጀማሪ ተንታኝ፣ ቱዮዮ የምትባል የታች መካኒክ፣ ንጎዚ የሚባል ከላይ የመጣ ቢሮክራት፣ ራሱን የሚወድ።

ሐሳቡ ከሰማይ አልወረደም። ሌጎስ ውስጥ ኢኮ አትላንቲክ የሚባል፣ ባሕር በአሸዋ ተሞልቶ የሚሠራ የሀብታም ከተማ አለ፤ 10 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የታቀደ። ባሕሩ እየጨመረ፣ ሀብታም ወደ ባሕሩ እየገባ። ደራሲው ያደረገው ነገሩን ጥቂት ትውልድ ወደፊት መግፋት ነው።

መጽሐፉን ለጋሼ ሰጠኋቸው። ጎረቤቴ ናቸው፣ ጡረታ የወጡ የፊዚክስ መምህር። ልብ ወለድ ሲያነቡ እርሳስ ይይዛሉ፤ ደራሲውን ሊያርሙት። መለሱልኝና በር ላይ ቆመው፣

«ልጄ፣ ያ የታችኛው በር ስንት ሜትር ላይ ነው ያለው?» አሉኝ።

«እንጃ ጋሼ። እርስዎ ስንት አሉ?»

«30 ሜትር እንበል። ውኃ በየ10 ሜትሩ አንድ የከባቢ አየር ግፊት ይጨምራል። በአንድ ካሬ ሜትር 10 ቶን ነው። በ30 ሜትር 30 ቶን። በሩ ሁለት ካሬ ሜትር ከሆነ 60 ቶን ይገፋዋል። ይሄን በር ሰው በእጁ ሊዘጋው ነው?»

እውነታቸውን ነው፣ ስሌቱ ልክ ነው። ግን እዚህ ጋ አልተስማማንም። እኔ የምለው፣ ልብ ወለዱ ስሌት ቃል ካልገባ በስሌት አይከሰስም። ቃል የገባው ሌላ ነገር ነው፦ ታች የሚኖር ሰው በየቀኑ ስለ ግድግዳው እያሰበ እንደሚኖር። ይሄን ቱዮዮ ላይ አየዋለሁ። ሥራዋ ደኅንነት ነው፣ ሰው ቀብራለች፣ አንድ በር ሲዘጋ ማን ከየትኛው ወገን እንደሚቀር ታውቃለች። ጋሼ አንገታቸውን ነቀነቁ። «እሷን ወድጃታለሁ» አሉ። «መሐንዲሱን ነው የጠላሁት።» የትኛውን መሐንዲስ? መጽሐፉ ውስጥ የሌለውን፣ ሕንፃውን የሠራውን።

የጋሼን 60 ቶን ግን ዳሰሳው ውስጥ አስገባዋለሁ። ከዚያ በኋላ አንባቢው የታችኛውን እርከን ሲያነብ ግድግዳው ይከብደዋል። ለመጽሐፉም ይጠቅማል።

የእኔ ቅሬታ ሌላ ነው። መጽሐፉ ያጥራል። በምዕራፎቹ መካከል የሚገቡ ግጥም መሰልና ሰነድ መሰል ገጾች አሉ፤ ከባሕሩ የመጡት ፍጡራን ታሪክ በብዛት የሚነገረው በእነሱ ነው፤ ያማሩ ናቸው። ግን ዬኪኒ ሁኔታው ገብቷት ወገን የምትለይበት ጊዜ በጣም ፈጠነብኝ። 100 ገጽ ቢጨመርለት አልጠላም ነበር። ይሄን ለአጭር መጽሐፍ ስታዪው ቅሬታም ምስጋናም ነው።

ጥር

ሁለቱን ዳሰሳዎች ጻፍኩ፣ ቆረጥኩ፣ እንደገና ጻፍኩ። የ«ዉም ሲቲ»ው ረዘመ። ከዚህ ወዲያ የምከተለው ቅርጽ ወደዚህ እየሄደ ነው፦ መጀመሪያ ከመጽሐፉ አንድ ትዕይንት በቅርብ፣ ያለ ማብራሪያ። ከዚያ ደራሲው ማን እንደሆነና መጽሐፉ በማን በኩል እንደወጣ፣ ሁለት ሦስት መስመር። ከዚያ አዲሱ ነገር ተራ ሰው ላይ ምን እንዳደረገ፤ ረጅሙ ክፍል ይሄ ነው። ቀጥሎ የሚያናድደው። መጨረሻ ላይ በምን መንገድ በሕጋዊነት እንደሚገኝ።

ጓደኛዬ ረቂቁን አንብባ ሁለት ቦታ አስመረችበት። አንዱ ስለ ኖሞ ሽልማት የጻፍኩት አንቀጽ ነው፤ «ይሄ የአንቺ ኩራት ነው፣ እኔን አይመለከተኝም» ብላ። ቆረጥኩት። ሌላው «ንቃተ ሕሊና» በአንድ አንቀጽ አራት ጊዜ መግባቱ ነው። ሁለቱን አወጣሁ፤ ሁለቱን ማውጣት አልተቻለም፣ ሰዎቹ አካል እየቀየሩ እኮ ነው።

ራሷ «ዉም ሲቲ»ን ልትጀምር ነው። «ሮኬት ካገኘሁበት እመልስልሻለሁ» ብላ ወስዳዋለች።

ያቺ የአየር ኮታ የተበደረች እናት ያለችበት በራሱ ወጪ የታተመ መጽሐፍ ግማሽ ላይ ደርሷል። እስካሁን ብድሩ አልተከፈለም። ጎረቤቷ መጥታ በሩን አንኳክታለች። የአርትዖት ስህተቱ እንዳለ ነው፤ አንድ ገጸ ባሕርይ ሁለት ምዕራፍ ላይ ስሟ ተቀይሮ ተመልሷል። ይሄ ሁሉ ይጻፋል። ገንዘብ ከፍሎ አርታዒ መቅጠር ያልቻለ ደራሲና አርታዒ ያለው ደራሲ በአንድ ሚዛን ይቀመጡ ወይ የሚለውን ገና አልወሰንኩም። ለጊዜው የደረስኩበት፦ የፊደል ስህተት በአንድ መስመር ይጠቀሳል፣ የሴራ ስህተት ግን ማንም ያሳትመው ማን አይታለፍም።

ቀጣዩ የማሳንዴ ንትሻንጋ «ትሪያንጉለም» ነው፤ በ2019 የወጣ። የደቡብ አፍሪካ የጠፈር ኤጀንሲ ዘንድ በ2040 የደረሰ አንድ ጽሑፍ አለ፤ ወደ ኋላ ሲሄድ ደግሞ በአፓርታይድ ዘመን ለጥቁሮች ተለይታ በነበረችው የደቡብ አፍሪካ ግዛት በሲስካይ የምታድግ፣ እናቷ የጠፋችባት ልጅ አለች። 30 ገጹን አልፏል፣ በቀላሉ። ቀሪውን ለማንበብ ግን ወረፋ ይዣለሁ፤ ጋሼ የጠፈር ኤጀንሲ የሚለውን ሽፋኑ ላይ አይተው ቀድመውኝ ወስደውታል። በእርሳስ እንዳያርሙት ለምኛቸዋለሁ፤ «ልክ ከሆነ አልነካውም» ብለውኛል።